ከ1.8 እስከ 54 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሬዲዮ አምፕሊፋየር፦ ቮልቴጅ፣ ትራንዚስተርና ትራንስፎርመር እንዴት ይመረጣሉ?

ሰፊ ባንድ የሚሸፍን የሬዲዮ ኃይል አምፕሊፋየር ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ትራንዚስተር ነው። «300 ዋት» የሚል ሁለት ፍሬ ይገዛና 600 ዋት ይጠብቃል። ስሌቱ ከዚያ አይጀምርም። የሚወጣውን ኃይል የሚወስኑት አምፑ (አምፕሊፋየሩ) የሚመገበው ቮልቴጅና ከድሬኖቹ (ከትራንዚስተሮቹ የኃይል መውጫ እግሮች) ፊት የተቀመጠው ትራንስፎርመር ናቸው። ትራንዚስተሩን የምንጠይቀው ያንን ኃይል ሳይቃጠል መሸከም ይችል እንደሆነ ብቻ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ቮልቴጁን ራሱን የሚወስነው የመብራቱ ጠባይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሶኬቱ ተነሥቶ ወደ አንቴናው ይሄዳል።

እዚህ የምናወዳድረው በፑሽ-ፑል (ሁለት ትራንዚስተሮች ግማሽ ግማሹን ሞገድ በተራ በሚያጎሉበት ዘዴ) የሚሠሩ፣ 5 ዋት ከምትሰጥ ትንሽ ሬዲዮ ተቀብለው ከ20 እስከ 350 ዋት የሚያወጡ አምፖችን ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጼ ቴዎድሮስ ግቢ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያስቡ ተማሪዎችም ሆኑ የረጅም ርቀት ሬዲዮ የሚጠግኑ ቴክኒሻኖች ሊሠሩት የሚችሉት ልክ ይህ ነው። ኪሎዋት የሚፈልግ ሰው ሌላ በጀትና ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

መብራት ወይስ ባትሪ?

የመጀመሪያው አማራጭ የብረት ትራንስፎርመር፣ ዳዮድ ብሪጅና ትልልቅ ካፓሲተር ያለው አሮጌው ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ነው። ድምፅ አይረብሽም፣ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይጠግነዋል። ችግሩ የመስመሩን መውጣትና መውረድ እንዳለ ማሳለፉ ነው። 220 ላይ 50 ቮልት እንዲሰጥ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር፣ ምሽት ላይ መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ 41 ቮልት ይሰጣል፤ 350 ዋት ይወጣበት ከነበረው አምፕ 230 ዋት ገደማ ይቀራል። መውረዱ ግን አይገድልም፤ የሚገድለው መውጣቱ ነው። 250 ሲደርስ 57 ቮልት ይሆናል። በድሬኑ ላይ የሚታየው ጫፍ የምግቡ እጥፍ ስለሆነ 114 ቮልት ማለት ነው። የተለመዱት ባለ 50 ቮልት ኤልዲሞሶች (ለሬዲዮ ኃይል የተሠሩ ትራንዚስተሮች) ገደባቸው 133 ቮልት አካባቢ ነው፤ አንቴናው ላይ ትንሽ ብልሽት ከተጨመረ የቀረው ክፍተት ያልቃል።

ሁለተኛው፣ ለቴሌኮም ማማዎች የሚሠራው ባለ 48 ቮልት ሬክቲፋየር ነው። መስመሩ ቢዋዥቅም ውጤቱ አይነቃነቅም፣ ቮልቴጁም በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ስዊቺንግ ስለሆነ ተቀባዩ ላይ በየተወሰነ ርቀት የሚደጋገም ጉርምርምታ ያሰማል። መውጫ ገመዱን በፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ቀለበት ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ዙር ማሳለፍና ከሣጥኑ አፍ ላይ ካፓሲተር ወደ ቻሲስ ማሰር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ከመብራት ብቻ የሚሠራ አምፕ ከሆነ የእኛ ምርጫ ይህ ነው።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ከሶላር ቻርጀር ጋር ሲታሰሩ እንደ ሙላታቸው ከ24 እስከ 28 ቮልት ይሰጣሉ። መብራት በሄደ ሰዓት መሥራት የግድ ከሆነ፣ አምፑን ከመጀመሪያው ለ28 ቮልት ንደፉት፤ ለ50 ቮልት የተነደፈውን በኋላ ወደ 24 ማውረድ አጓጉል መካከለኛ ውጤት ይሰጣል። በ28 ቮልት 100 ዋት የሚሰጥ አምፕ ባትሪው ወደ 25 ሲወርድ 77 ዋት ያወጣል። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ ልዩነቱ 1.1 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ማዶ ያለው ሰሚ አያውቀውም። የሚበላው ከረንትም 6 አምፔር አካባቢ ነው።

ቮልቴጅና ሬሾ፦ ሁሉን የሚወስነው ስሌት

በፑሽ-ፑል ከድሬን እስከ ድሬን ያለውን ሎድ (ትራንዚስተሮቹ የሚያዩትን ጭነት በኦም) የምናገኘው የአንቴናውን 50 ኦሙን በትራንስፎርመሩ ሬሾ በማካፈል ነው። ቀዳሚው ጠምዛዛ አንድ ዙር ሲሆን ሁለተኛው በሙሉ ዙር ስለሚቆጠር፣ ሬሾውም የዙሩ ብዛት በራሱ ሲባዛ ስለሆነ፣ በቀላሉ የሚገኙት ሬሾዎች 1፡4፣ 1፡9 እና 1፡16 ናቸው፤ ማለትም 12.5፣ 5.6 እና 3.1 ኦም። ከዚያ ቀመሩ ይህ ነው፦

ንጹሕ ኃይል = 2 × (ቮልቴጅ − 3)² ÷ ሎድ

3 ቮልቱ ትራንዚስተሩ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ለራሱ የሚያስቀረው ነው። ትክክለኛው መጠን እንደ ትራንዚስተሩ ይለያያል፣ ለምርጫ ግን ይበቃል።

| ምግብ | 1፡4 (12.5 ኦም) | 1፡9 (5.6 ኦም) | 1፡16 (3.1 ኦም) |
|---|---|---|---|
| 13.8 ቮልት | 19 ዋት | 42 ዋት | 75 ዋት |
| 28 ቮልት | 100 ዋት | 225 ዋት | 400 ዋት |
| 50 ቮልት | 353 ዋት | 795 ዋት | አይመከርም |

በ13.8 ቮልት መስመር ላይ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ኃይሉ ይጨምራል፣ ሎዱ ግን 3.1 ኦም ይደርሳል። አንድ ሴንቲሜትር ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው፤ ይህ በ54 ሜጋኸርዝ 3.4 ኦም ይሆናል። ከሎዱ ራሱ በለጠ ማለት ነው፤ በድሬኑና በትራንስፎርመሩ መካከል አንድ ሴንቲሜትር ሲረዝም ኃይሉ በላይኛው ባንድ ይጠፋል። በ12.5 ኦም ላይ ግን ያው አንድ ሴንቲሜትር የሎዱ ሩብ ብቻ ነው፣ በትንሽ ካፓሲተር ይስተካከላል። ሰፊ ባንድ የሚፈልግ ሰው ከመኪና ባትሪ ቮልቴጅ እንዲሸሽ የምንመክረው ለዚህ ነው።

ወደ ሌላው ጥግ መሮጥም ያስከፍላል። 100 ዋት ብቻ ለሚፈልግ ሰው 50 ቮልትና 1፡4 ማሰር መጠባበቂያ የተረፈው ይመስላል። በ12.5 ኦም ላይ 100 ዋት ለማውጣት ግን ድሬኑ መወዛወዝ ያለበት 25 ቮልት ብቻ ነው፤ የቀረው 25 ቮልት በትራንዚስተሩ ላይ ሙቀት ይሆናል። በክላስ ቢ (እያንዳንዱ ትራንዚስተር ግማሹን ሞገድ ብቻ በሚሠራበት) ስሌት ብቃቱ 39 በመቶ፣ ሙቀቱ 156 ዋት ነው። ያንኑ 100 ዋት በ28 ቮልት ስታወጡት የወረቀቱ ብቃት 70 በመቶ፣ ሙቀቱ 43 ዋት ይሆናል። በተግባር ሁለቱም ትንሽ ይከፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይጠፋም። ለ100 ዋት 28 ቮልት ከ1፡4 ጋር፣ ለ350 ዋት 50 ቮልት ከዚያው 1፡4 ጋር። ትራንስፎርመሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ ትንሹን ሠርቶ በኋላ ማሳደግም ይቻላል።

የትኛው ትራንዚስተር?

አይአርኤፍ510 ለመማሪያ የሚስተካከለው የለም። ርካሽ ነው፣ አዲስ አበባ መርካቶ ይገኛል፣ ሲቃጠልም ልብ አይሰብርም። የተሠራው ለስዊች እንጂ ለሬዲዮ አይደለም፤ የጌቱ (የመቆጣጠሪያ እግሩ) ካፓሲታንስ 180 ፒኮፋራድ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ይህ 126 ኦም ሆኖ ይታያል፣ በ28 ሜጋኸርዝ ግን ወደ 32 ኦም ይወርድና ሬዲዮው የሚሰጠውን ኃይል ይውጠዋል። ጀርባው ድሬን ስለሆነ ከሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከሚያስወጣው ብረት) በማይካ መለየት አለበት። ከውስጡ እስከ ጀርባው ያለው የሙቀት መቋቋሚያ በዋት 3.5 ዲግሪ ነው፤ ማይካው ሌላ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከሁለቱ 40 ዋት አውጥቶ እስከ 14 ሜጋኸርዝ መሥራት ጥሩ ነው፣ 21 ይቻላል፣ ከዚያ በላይ መታገል ነው።

አርዲ16ኤችኤችኤፍ1 ለ12.5 ቮልት ተብሎ ለሬዲዮ የተሠራ ነው፤ ጀርባው ሶርስ (ከግራውንድ ጋር የሚታሰረው እግር) ስለሆነ ያለ ማይካ በቀጥታ ሂትሲንኩ ላይ ይታሰራል። ታላቅ ወንድሙ አርዲ100ኤችኤችኤፍ1 በ30 ሜጋኸርዝ 100 ዋት ይሰጣል። 12 ቮልት ብቻ ላለው ሰው ምርጫው እነዚህ ናቸው። የሚያስቸግረው ተመሳስሎ የተሠራው ብዛት ነው፦ አይአርኤፍ ተፍቆ በላዩ አርዲ16 የሚል ይጻፍበታል። ለመለየት መልቲሜትር ይበቃል። ሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። በእውነተኛው አርዲ16 የመካከለኛው እግር ሶርስ፣ የዳሩ ድሬን ነው፤ ስለዚህ ቀዩን መካከል ላይ፣ ጥቁሩን ድሬኑ ላይ ስታደርጉ ከ0.4 እስከ 0.7 ቮልት የሚሆን ንባብ ይወጣል። በአይአርኤፍ የመካከለኛው እግር ድሬን ነውና ንባቡ የሚወጣው ሽቦዎቹ ሲገለበጡ ነው። ከመለካቱ በፊት ጌቱን ከሶርሱ ጋር በጣት ነክታችሁ አፍስሱት፤ አለበለዚያ የቀረ ቻርጅ ያሳስታል።

ኤምአርኤፍ101 እና ኤምአርኤፍ300 ኤልዲሞሶች ናቸው። የመጀመሪያው 100 ዋት፣ ሁለተኛው 300 ዋት ተብለው የተመዘኑ፣ በ50 ቮልት ከ1.8 እስከ 250 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው። በፕላስቲክ ሣጥን ስለሚመጡ ውድ የሴራሚክ መያዣ አይጠይቁም፣ ጀርባቸውም ሶርስ ነው። ሁለቱም «ኤኤን» እና «ቢኤን» በሚል ይሸጣሉ፤ እግሮቻቸው እንደ መስተዋት ምስል የተገለበጡ ናቸው። ለፑሽ-ፑል ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ግዙ፤ ሁለቱ ጌቶች ወደ ግብዓቱ፣ ሁለቱ ድሬኖች ወደ መውጫው እኩል ርቀት ይቀመጣሉ። ሁለት «ኤኤን» የገዛ ሰው አንዱን በረጅም መንገድ ማዞር ይገደዳል፣ ያ ደግሞ ከላይ ያልነው አንድ ሴንቲሜትር ነው። በእኛ ግምት ለ100 ዋት ሁለት ኤምአርኤፍ101 በ28 ቮልት፣ ለ350 ዋት ሁለት ኤምአርኤፍ300 በ50 ቮልት ከሁሉም የተሻለ ነው።

ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር) 65 ለ1 የሚደርስ የተበላሸ አንቴና ይችላል ማለቱ ሰውን ያዘናጋል። የጌቱ ገደብ ከ−6 እስከ +10 ቮልት ብቻ ነው፤ አንቴናውን የቻለ ትራንዚስተር ከግብዓቱ በኩል በቅጽበት ይሞታል።

አሮጌዎቹ ባይፖላሮች፣ ለምሳሌ 2ኤስሲ2879፣ በ12.5 ቮልት 100 ዋት ያህል ይሰጣሉ። ሲሞቁ ከረንታቸው ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃሉ፤ ባያሱ (ትራንዚስተሩን በጥቂቱ ከፍቶ የሚያቆየው ቮልቴጅ) ከሂትሲንኩ ጋር በዳዮድ ካልታሰረ ራሳቸውን ያቃጥላሉ። በዚህ ዓይነት የኃይል ትራንዚስተር ነጩ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ስለሚችል አይሰበርም፣ አይሞረድም፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። ጥገና ላይ ካልሆነ በአዲስ ሥራ አንመክራቸውም።

ጋሊየም ናይትራይድ እስከ ጊጋኸርዝ ድረስ ለሚሄድ ሰው ነው። ጌቱ ዜሮ ሲሆን ሙሉ ለሙሉ ክፍት ነው፤ ለመዝጋት ወደ 3 ቮልት ኔጌቲቭ ይፈልጋል። ሲበራ ኔጌቲቩ መቅደም፣ ሲጠፋ መጨረሻ መሄድ አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ትንሹ የባያስ ፓወር ሰፕላይ ከትልቁ ቀድሞ ባዶ ከሆነ፣ በትልቁ ካፓሲተር የቀረው ሁሉ በትራንዚስተሩ በኩል ያልፋል። ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ ሰርኪዩት ሳይሠራ ጋሊየም ናይትራይድን እዚህ ማብራት ገንዘብ መበተን ነው። ከ54 ሜጋኸርዝ በታች ደግሞ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው።

ቫልቭ? ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን መውጫው ለየባንዱ በእጅ የሚቃኝ ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው።

ትራንስፎርመሩ፦ ቱቦ ወይስ ኮአክስ

የቱቦው ዓይነት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች በሁለት የፌራይት ቁልል ውስጥ አልፈው፣ ጫፍና ጫፋቸው በሁለት የቦርድ ቁራጭ የተያዙበት ነው። በአንዱ ጫፍ ቱቦዎቹ ይገናኛሉ፣ በሌላው ተለያይተው ወደየድሬናቸው ይሄዳሉ፤ ያ አንድ ዙር ነው። በውስጣቸው ሁለት ዙር የቴፍሎን ሽቦ ካለፈ 1፡4፣ ሦስት ዙር ካለፈ 1፡9 ይሆናል። ቱቦውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የመዳብ ቱቦ ልክ ነው፣ በቀላሉም ሶልደር ይይዛል። እስከ 30 ሜጋኸርዝ በደንብ ይሠራል። 50 ላይ ሲደርስ በቱቦውና በሽቦው መካከል ያመለጠው ኢንዳክታንስ ይታያል፣ ብቃቱም ይወርዳል።

ከኮአክስ (የአንቴና ዓይነት ገመድ) የሚሠራው ዓይነት የላይኛውን ባንድ ይይዛል። ለ1፡4 የሚያስፈልገው የገመድ ኢምፒዳንስ የ12.5 እና የ50 ብዜት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 25 ኦም ነው። ባለ 25 ኦም ገመድ ካልተገኘ ሁለት አርጂ-316 (ባለ 50 ኦም ቀጭን ገመድ) ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች በድሬኑ በኩል ትይዩ፣ በመውጫው በኩል በተከታታይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በፌራይት ላይ የተጠመጠመ 1፡1 ባለን (የሁለቱን ድሬኖች ተቃራኒ ውጤት ወደ አንድ የአንቴና ገመድ የሚያገናኝ) ይከተላል። የመስመሩ ርዝመት በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ከሞገዱ አንድ ስምንተኛ ማነስ አለበት፤ በ54 ሜጋኸርዝ በቴፍሎን ገመድ ውስጥ ይህ 49 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ መስመሮች እኩል ካልተቆረጡ ድካሙ ከንቱ ነው። 50 ሜጋኸርዝን ለማይፈልግ ሰው ቱቦው ይበቃዋል፤ የሚፈልግ ከመጀመሪያው ኮአክስ ይሥራ።

ለሁለቱም ፌራይቱ ዓይነት 43 ይሁን፤ ፐርሚያቢሊቲው (መግነጢስን የማሳለፍ አቅሙ) 800 ነው። ዓይነት 61፣ 125 ብቻ ስላለው፣ ለኤፍኤም ባንድና ከዚያ በላይ ይስማማል። መለኪያው ይህ ነው፦ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ የጠምዛዛው ሪአክታንስ (ለሬዲዮ ሞገድ ያለው መቋቋም) ከሎዱ ቢያንስ አራት እጥፍ ይብለጥ። ለ12.5 ኦም በ1.8 ሜጋኸርዝ 50 ኦም፣ ማለትም በአንዲቱ ዙር 4.4 ማይክሮሄንሪ ያስፈልጋል። በ50 ኦም በኩል ላለው ባለን ደግሞ በትልቁ ኤፍቲ240-43 ቀለበት ላይ 5 ዙር 27 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል፣ ይበቃል። ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚነቀል ፌራይት በአብዛኛው ለመቶ ኪሎኸርዝ አካባቢ የተሠራ ማንጋኒዝ-ዚንክ ነው፤ እዚህ ይግላል። ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው ቀለበት የብረት ዱቄት ነው፣ ጭራሽ አይሆንም። ዓይነት 43 ራሱ ከ130 ዲግሪ በላይ ሲግል መግነጢሳዊነቱን ያጣል፤ በዚያች ቅጽበት ትራንዚስተሩ የሚያየው ሾርት ነው።

ትራንስፎርመሩን ከትራንዚስተሩ ጋር ከማገናኘት በፊት በናኖቪኤንኤ (ትንሽ የአንቴናና የሰርኪዩት መለኪያ) ፈትኑት። አራት ባለ 51 ኦም ሬዚስተር ትይዩ ስታስሩ 12.75 ኦም ይሆናል፤ እግራቸውን እስከሥሩ አሳጥራችሁ በድሬኖቹ ቦታ ሶልደር አድርጉ። ናኖቪኤንኤውን በ50 ኦሙ በኩል ሰክታችሁ ከ1.5 እስከ 60 ሜጋኸርዝ እዩ። ኤስደብሊውአሩ ከግራ በኩል፣ በዝቅተኛው፣ ከወጣ ፌራይቱ አንሷል፤ ቀለበት ጨምሩ። ከቀኝ በኩል ከወጣ ያመለጠ ኢንዳክታንስ አለ፤ በድሬኖቹ መካከል ከ47 እስከ 220 ፒኮፋራድ እየቀያየራችሁ መስመሩ የሚተኛበትን ፈልጉ። ከ1.3 በታች ከወረደ በቂ ነው። በሁለቱም ጫፍ ከወጣ የገመዱ ኢምፒዳንስ ተሳስቷል፣ ካፓሲተር አያድነውም።

እዚያ ላይ የምታስቀምጡት ካፓሲተር ማይካ ወይም ኤንፒኦ (ሙቀት መጠኑን የማይለውጠው ሴራሚክ) ይሁን። በ350 ዋት በድሬኑ በኩል የሚያልፈው ከረንት 5.3 አምፔር ነው፤ ኤክስ7አር ካፓሲተር በሙቀትና በቮልቴጅ መጠኑን ይቀያይራል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። አንድ ትልቅ ከማድረግ ሦስት ትንንሽ ማሰለፍ ይሻላል። የድሬኑን ምግብ ደግሞ በትራንስፎርመሩ መካከል አታሳልፉ፤ በተለየ ቀለበት ላይ በሁለት ሽቦ አብሮ የተጠመጠመ ቾክ (ዲሲን አሳልፎ የሬዲዮውን ሞገድ የሚያግድ ጠምዛዛ) ይመግበው። የሁለቱ ድሬኖች ከረንት በተቃራኒ ስለሚዞር ፌራይቱ አይሞላም።

ጌይንና ግብዓት

ከ5 ዋት ወደ 100 ዋት ለመድረስ 13 ዴሲቤል ጌይን (ማጉላት) ይበቃል። ኤልዲሞሶቹ በዝቅተኛው ባንድ ከ20 በላይ ይሰጣሉ። ትርፉ ጥቅም የለውም፤ ወደ ኦሲሌሽን (አምፑ በራሱ ሲግናል ወደ ማመንጨት) የሚመራው እሱ ነው። ከድሬን ወደ ጌት የሚመለስ ሬዚስተርና ካፓሲተር ዝቅተኛውን ባንድ ያለዝባል፣ ከግብዓቱ ፊት የሚቀመጥ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል አቴንዌተር (ኃይል የሚቀንስ የሬዚስተሮች ስብስብ) ደግሞ ቀሪውን ይበላል። አቴንዌተሩን አትዝለሉት፦ ብዙ ሬዲዮዎች 5 ዋት ላይ ተስተካክለውም እንኳ መናገር ሲጀመር ለአፍታ ሙሉ ኃይላቸውን ይለቃሉ፤ ጌቱን የሚገድለው ያ ነው። ሬዚስተሮቹ ኢንዳክታንስ የሌላቸውና በድምሩ 25 ዋት የሚችሉ ይሁኑ።

ሙቀት በ2,100 ሜትር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ይከብዳል። ፋኑ የሚገፋው የአየር ይዘት (በሊትር) ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ቀንሷል፤ ስለዚህ በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው አየር በሩብ ያህል ይበልጥ ይሞቃል። የአየሩ ቀዝቃዛነት የተወሰነውን ይመልሳል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን አትተማመኑበት። በዳታሺት የተጻፈውን የሂትሲንክ ቁጥር በ1.25 አባዙ።

ለምን 600 ዋት እንደማንመክር እዚህ ላይ ይታያል። ሁለት ኤምአርኤፍ300 በ60 በመቶ ብቃት 600 ዋት ሲያወጡ 400 ዋት ሙቀት አለ፣ ለእያንዳንዱ 200። ከውስጡ እስከ ጀርባው በዋት 0.55 ዲግሪ ስለሆነ 110 ዲግሪ፣ ለፔስቱ 20 ዲግሪ፣ ሂትሲንኩ 60 ከሆነ ድምሩ 190 ይደርሳል። ገደቡ 175 ነው። በ350 ዋትና በ65 በመቶ ብቃት ግን ለእያንዳንዱ 95 ዋት ይደርሰዋል፤ ያው ስሌት 122 ዲግሪ ይሰጣል። አምፑ ዓመታት የሚቆየው እዚህ ነው።

ከትራንዚስተሩ ሥር ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሳህን፣ ከእሱ ሥር አሉሚኒየም ሂትሲንክ ይሁን። መዳብ ካልተገኘ ኃይሉን በሩብ ቀንሱ። ከተበላሸ ዩፒኤስ ወይም የብየዳ ማሽን የሚወጣ ሂትሲንክ ጥሩ ነው፣ ፊቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳና ጭረት አለው፤ 400 ቁጥር ሸራ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግታችሁ እስኪስተካከል አሹት። ትራንዚስተሩን በአንድ ብሎን ከማሰር ሰውነቱን መሐል ላይ የሚጫን ክላምፕ ይሻላል፤ ብሎን አንዱን ጫፍ ያነሣዋል። ሳህኑ ላይ በ70 ዲግሪ ባያሱን የሚቆርጥ ቴርማል ስዊች አድርጉ።

ፊልተር የማይቀር ነው

ፑሽ-ፑል ሁለተኛውን ሃርሞኒክ (በዋናው ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ላይ የሚወጣውን ሲግናል) ራሱ ያጠፋዋል፣ ሚዛኑ ጥሩ ከሆነ። ሦስተኛው ግን ከዋናው ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከ100 ዋት አምፕ 13 ዴሲቤል ዝቅ ማለት 5 ዋት ነው፤ ራሱን የቻለ ማሠራጫ። አንድ ባለ 54 ሜጋኸርዝ ፊልተር ብቻ ማድረግም አይበቃም፤ በ7 ሜጋኸርዝ ስትሠሩ 14፣ 21፣ 28ም እስከ 49 ድረስ በነፃ ያልፋሉ። በሪሌይ የሚቀያየሩ ሰባት ፊልተሮች ያስፈልጋሉ፤ ማቋረጫቸው በግምት 2፣ 4፣ 7.5፣ 15፣ 22፣ 30 እና 54 ሜጋኸርዝ፣ እያንዳንዱ ባለ ሰባት ክፍል፣ ሃርሞኒኩን ቢያንስ 50 ዴሲቤል ዝቅ የሚያደርግ። ከ28.5 ሜጋኸርዝ የሚወጣው አራተኛ ሃርሞኒክ 114 ሜጋኸርዝ ላይ ያርፋል፤ ከ108 እስከ 118 ያለው የአውሮፕላን መምሪያ ባንድ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያውም አዘዞ ነው። ፊልተሩ ሳይለካ አንቴና አይሰካም። የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ሥራው ሁሉ በ50 ኦም ደሚ ሎድ (አንቴናን የሚተካ ሬዚስተር) ላይ ነው።

ሲበራ

የድሬኑን ምግብ ሳታገናኙ የጌቱን ቮልቴጅ ከዜሮ እስከ 3 ቮልት መሄዱን ለኩ። የባያሱ ፖቴንሺዮሜትር መሐሉ ቢላቀቅ ጌቱ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ከጌቱ ወደ ግራውንድ ሬዚስተር ይኑር። ከዚያ ከረንቱ በ1 አምፔር በተገደበ 12 ቮልት ጀምሩ፤ አንዱን ትራንዚስተር ዘግታችሁ ሌላውን ወደ 100 ሚሊአምፔር አምጡ፣ ከዚያ ተራውን ለዋውጡ። በሙሉ ቮልቴጅ ለንግግር ሥራ ለእያንዳንዱ እስከ 250 ሚሊአምፔር መውጣት ይቻላል። የኤልዲሞስ መክፈቻ ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል ስለሚወርድ፣ ሳህኑ ላይ የተጣበቀ ዳዮድ ወይም ቴርሚስተር ባያሱን ይከተለው።

ምንም ሲግናል ሳይገባ ከረንቱ በድንገት ከዘለለ ኦሲሌሽን ነው፤ ቮልቴጁን አውርዱና የግብዓቱንና የመውጫውን ግራውንድ፣ ከዚያ ከድሬን ወደ ጌት የሚመለሰውን ሬዚስተር እዩ። ሁለቱ ትራንዚስተሮች የሚወስዱት ከረንት እኩል ሆኖ አንዱ ብቻ ከጋለ ክላምፑን ፍቱና ፔስቱ ላይ የቀረውን ምልክት ተመልከቱ። ኃይሉ በ14 ሜጋኸርዝ ደህና ሆኖ በ1.8 ከሁለትና ሦስት ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ አምፑን አጥፍታችሁ ወዲያው የትራንስፎርመሩን ፌራይት በሙቀት መለኪያ ለኩ፤ ከ100 ዲግሪ ካለፈ ቀለበት ጨምሩ ወይም በዚያ ባንድ ኃይሉን ቀንሱ።